አንዲት «ት»

ዛሬ ጠዋት ሬዲዮው ስለዚያች ደሴት አወራ፤
ሁለት መንግሥት ይካሰሳል በአንዲት ጥቁር ጎራ።
አንደኛው ካርታ አቀረበ፣ ብል ለሁለት የከፈለው፤
ሌላው የግብር ደረሰኝ፣ ዓሣ አጥማጅ የከፈለው።
በስሟም አልተስማሙም፤
አንዱ ባወጣላት ስም ሌላው ሲጠሯት አይሰማም።

ጋሽ ሽፋው የሲንጀሩን መዘውር በመዳፉ ያዘው፤
መርፌዋ ቆማ ቀረች፣ ቀበሌ ለበዓል ባዘዘው
ሰንደቅ፣ አረንጓዴው ላይ።
«ርዝመቷ» አለኝ፣ «ከዚህ ሰኞ ገበያ አይደርስም፤
ውሃ የላት፣ ጥላ የላት፤ ከወፍ በቀር ማንም አይወርስም።»

የት አየሃት አልለውም።
የአሰብ ፔቲ ኦፊሰር እንደነበር ፒያሳ ሁሉ ያውቃል፤
ባሕር ያላየ ደንበኛ ሱሪ ሲለካ ይጠይቃል።
እሱም ወገብ እየለካ፣ ጠመኔ በጥርሱ ነክሶ፣
«ጫፏ ላይ አንድ እንጨት አገኘን፣ የሌላ አገር ጨርቅ ለብሶ።
ነቀልነው።
አለቱ አይቆፈርማ! የእኛን በዚያው ጉድጓድ ተከልነው።
በወሩ ብንመለስ
የእኛ የለም፤ የእነሱ ቆሟል፣ በዚያችው ጉድጓድ፤ ነፋስ
ግማሹን በልቶታል።
እንደገና ነቀልን።
ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ጉድጓዷ ግን እየሰፋች፣
ኋላማ የማንንም እንጨት ያለ ሽብልቅ አልይዝ አለች።»

መንግሥት ሲለወጥ፣ ባሕሩ ከካርታችን ላይ ሲወጣ፣
በጨው መኪና ተጭኖ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ መጣ።
ኮምቦልቻ ሻይ ጠጣ፤
ሐረጎን ሲወጡ ጉም ነበር፤ ምንም ሳያይ ከተማው ገባ።
ኪሱ ውስጥ አንድ ወረቀት፣
«ስም፦ ሽፋው አረቡ። የትውልድ ቦታ፦ ደሴት።»

ደሴ ብሎ ነበር እሱስ፣ ሲቀጠር፤
ጸሐፊው የባሕር ዳር ልጅ፣ ጆሮው የለመደውን ሰማና
አንዲት «ት» ጨመረለት፤
በአንድ ጠብታ ቀለም አገሩን ውሃ ከበበበት።

ጡረታ ቢሮ ያለችው ልጅ መነጽሯን አውልቃ
«የትኛው ደሴት ነው፣ አባቴ?» አለችው፣ ከልቧ ጠይቃ።
ሦስት ምስክር አምጣ ተባለ፤
የሚያውቁት ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ማዶ ቀርቷል፤
አራት ዓመት በመዝገብ ውስጥ ባሕር ላይ ከረመ፣ ዋለ።

ዛሬ ዜናው ሲያልቅ ዘምዘም፣ ባለሻይዋ፣ ከደጅ ሆና
«ጋሼ፣ ሄደው ይክሰሱ እንጂ! ካርታ ምን ሊረባ?» አለች፤
«እዚያ ተወለደ የሚል ወረቀት
ከእርስዎ በቀር ማን አለው?»
ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ጠመኔው ከጥርሱ ወደቀ።
ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው፣ እዚያው እንደጎነበሰ ቆየ።

«እንቁላል ነበር» አለ፣ «ጉድጓዷ አጠገብ።
ሁለት። ነጠብጣብ ያለው።
አንዱን ረግጫለሁ።»

ከቀትር በኋላ ጉሙ ከቦርከና ተነሣ፤
የታቹን ሰፈር ዋጠ፣ አስፋልቱን ዋጠ፤ ከላይ ጦሳ
ዙሪያውን ነጭ ውሃ ይዞ፣ ጫፉ ብቻ ቀረ።
ያቺን ፊደል ልጠራት ነበር፤
ዋጥኳት።

እሱ መብራቱን አብርቶ ሰንደቁን መስፋት ቀጠለ።
በእንጨቱ በኩል አንድ ስፌት፤
በወዲያኛው ጠርዝ ሁለት፤ ቆይቶ ሦስተኛ ጨመረ።
«ቀበሌ የሚከፍለው እኮ ለአንድ ነው» አልኩት።
ቀና አላለም።
«ነፋስ» አለኝ፣
«መብላት የሚጀምረው ከዚህ ነው።»